ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ማታለል፦ ለአንዱ ማሽን የተጻፈው በሌላው ላይ እንዴት ይሠራል?

ሁለት ቁጥሮችን እንያዝ፤ 112 እና 5። በኮምፒውተር ሚሞሪ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ባይቶች ናቸው እንበል፤ ባይት ማለት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር የምትይዝ የሚሞሪ ቦታ ናት። በ1984 በወጣው የመጀመሪያው የአፕል ማኪንቶሽ (በአጭሩ ማክ) ኮምፒውተር ውስጥ የነበረው ሞተሮላ 68000 ፕሮሰሰር ሲያነባቸው «5ን ዲ ዜሮ በሚባለው ሬጂስተር ውስጥ አስገባ» የሚል ትእዛዝ ያገኝባቸዋል። ሬጂስተር ማለት ፕሮሰሰሩ ሲሠራ በእጁ የሚይዛት ትንሽ የቁጥር ማስቀመጫ ናት። የኢንቴል ፕሮሰሰር ያንኑ ሲያነብ ግን «የቅድሙ ስሌት ከልኩ አልፎ ከፈሰሰ 5 ባይት ወደፊት ዝለል» የሚል ትእዛዝ ያገኛል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ልብ በሉ፤ ኢንቴሉ «ይህ የኔ ቋንቋ አይደለም» አላለም። ሰው የማያውቀውን ቋንቋ ሲሰማ ቢያንስ አለማወቁን ያውቃል። ፕሮሰሰር ያቺን እንኳ አያውቃትም። የቀረበለትን ቁጥር ሁሉ እንደ ራሱ ትእዛዝ ቆጥሮ፣ ገደል እስኪገባ ድረስ በልበ ሙሉነት ይፈጽማል። «5ን አስገባ» የሚለው ሐሳብ በኢንቴል አጻጻፍ 184፣ 5፣ 0፣ 0፣ 0 ነው። ዛሬ በአብዛኛው ስልክና በአዳዲሶቹ ማኮች ውስጥ ያለው የአርም ፕሮሰሰር ደግሞ 160፣ 0፣ 128፣ 82 ብሎ ይጽፈዋል። ሐሳቡ አንድ ነው፣ አጻጻፉ ሦስት ዓይነት።

ለአንዱ ፕሮሰሰር የተሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሌላው ላይ ይሂድ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ይኸው የቋንቋ ችግር ነው። እኔ ግን ቋንቋው ቀላሉ ግማሽ ነው ባይ ነኝ። ትእዛዞቹ ተቆጥረው የሚያልቁ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚሠሩ አምራቹ ባሳተመው ወፍራም መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ትዕግሥት ያለው ሰው አንድ በአንድ ይጨርሳቸዋል። አስቸጋሪው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አብሮት ያደገውን ማሽን በሙሉ፣ ከሰዓቱ እስከ ዲስኩ፣ ከስክሪኑ እስከ ኪቦርዱ፣ በሌለበት እንዳለ ማስመሰሉ ነው።

በተራ ፕሮግራምና በኦፐሬቲንግ ሲስተም መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ፋይል ማስቀመጥ ሲፈልግ ዲስኩን ራሱ አይነካም፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ይለምናል። ዲስኩ የማን ሥሪት እንደሆነ፣ በየትኛው መስመር እንደተገናኘ አያውቅም፤ ማወቅም አይፈቀድለትም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ግን የሚለምነው የለውም። እታች ወርዶ ሃርድዌሩን በእጁ የሚነካው እሱ ነው። «በዚህ አድራሻ ላይ ይህን ቁጥር ብጽፍ ዲስኩ መሽከርከር ይጀምራል» ብሎ የተማረ ነው። ለዚህ ነው ፕሮግራምን ማታለል ሲቀል ኦፐሬቲንግ ሲስተምን ማታለል የሚከብደው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው አንድ አለቃ ብቻ ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቤቱን ጓዳ ጎድጓዳውን ያውቃል።

አስተርጓሚ

መጀመሪያ ቀላል ያልኩትን ግማሽ እንጨርሰው። ማሽኑን የሚያስመስለው ፕሮግራም ኢሙሌተር ይባላል። «አስመሳይ» ብንለው ስድብ ይመስላል እንጂ ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል። በኢሙሌተሩ ውስጥ የሚሠራውን ስርዓት እንግዳ፣ ከሥር ያለውን እውነተኛ ማሽን ደግሞ አስተናጋጅ እንበላቸው።

በጣም ቀላሉ ኢሙሌተር ስብሰባ ላይ እንደሚቆም አስተርጓሚ ነው። ተናጋሪው አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፣ አስተርጓሚው ይሰማል፣ ይተረጉማል፣ ቀጣዩን ይጠብቃል። ኢሙሌተሩም የእንግዳውን ትእዛዝ ከሚሞሪ ያነሳል፣ ቁጥሩን አይቶ ምን እንደሆነ ይለያል፣ በራሱ ቋንቋ ያንኑ ይፈጽማል፣ ወደ ቀጣዩ ያልፋል። የእንግዳው ሬጂስተሮች በእውነት የሉም፤ በአስተናጋጁ ሚሞሪ ውስጥ የተቀመጡ ተራ ቁጥሮች ናቸው። «ዲ ዜሮ» ማለት እንግዳው ዘንድ የፕሮሰሰር አካል ነው፤ ኢሙሌተሩ ዘንድ በመዝገብ ላይ ያለ አንድ ረድፍ ነው።

ዋጋው ፍጥነት ነው። እውነተኛው ፕሮሰሰር በአንድ ምት የሚጨርሳትን ትእዛዝ አስተርጓሚው አንስቶ፣ ለይቶና ፈጽሞ እስኪጨርስ አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴም መቶ ትእዛዝ ያወጣል። የተደበቀ ሥራም አለ። የኢንቴል ፕሮሰሰር ሁለት ቁጥር በደመረ ቁጥር ውጤቱ ዜሮ ነበር ወይ፣ ከልኩ አልፏል ወይ፣ ኔጌቲቭ ነው ወይ እያለ ትንንሽ ምልክቶችን ያስቀምጣል። ከእነዚህ ምልክቶች አብዛኞቹን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ኢሙሌተር ሁሉንም ካሰላ ይንቀራፈፋል፤ ካላሰላ አንዷ ስትፈለግ ይያዛል። ስለዚህ ጎበዝ ኢሙሌተር የመጨረሻውን ስሌት ብቻ ያስታውስና፣ አንድ ሰው ምልክቷን ሲጠይቅ ያኔ ያሰላታል። ስንፍና የሚያስመሰግንበት ሥራ ከዚህ ውጪ ብዙም አላውቅም።

ፍጥነትን እርሱት ከተባለ ግን ይህ ዘዴ ወሰን የለውም። አለን ቱሪንግ በ1936 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ አጠቃላይ ማሽን የሌላውን ማሽን መግለጫ ተቀብሎ እንደዚያኛው ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ኮምፒውተር የሚባል ዕቃ ገና ባልነበረበት ጊዜ መሆኑ ነው። የሚያስፈልገው በቂ ሚሞሪና ጊዜ ብቻ ነው። በ2012 ድሚትሪ ግሪንበርግ የተባለ መሐንዲስ ይህን እስከ መጨረሻው ወሰደው። ባለ 8 ቢት የሆነ፣ 16 ኪሎባይት ራም ብቻ ያለው ትንሽ ቺፕ ወስዶ፣ 32 ቢት ማሽን የሚፈልገውን ሊኑክስ የተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አስነሳበት (የቢቱ ቁጥር ፕሮሰሰሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘውን የቁጥር ስፋት ይናገራል)። ቺፑ ሊኑክስን በፍጹም ሊሸከም አይችልም፤ ስለዚህ የአርም ፕሮሰሰር ኢሙሌተር ጻፈለትና ከድሮ ኮምፒውተር የወጣ 16 ሜጋባይት የራም ካርድ አገናኘለት። ቺፑ በሴኮንድ 24 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ የተመሰለው አርም ግን የሚራመደው በ6.5 ኪሎኸርዝ ያህል ነበር። ትእዛዝ መቀበያው መስመር እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። በ2024 ይኸው ሰው የበለጠ ባሰበት ነገር ተመለሰ። ኢንቴል በ1971 ያወጣውን ባለ 4 ቢት 4004 ፕሮሰሰር ይዞ፣ ሚፕስ የተባለ ፕሮሰሰር አስመስሎ ሊኑክስን አስነሳ። ሥርዓቱ ተነስቶ እስኪያልቅ 4.76 ቀን ወሰደ። ጥቅም የለውም፤ ጥቅም ይኑረውም ያለ የለም። ነገር ግን «ይህ ማሽን ያንን ስርዓት ማስኬድ አይችልም» ሲባል ብዙውን ጊዜ «በሚታገሥበት ፍጥነት አይችልም» ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ተርጓሚ

አስተርጓሚው አንድ ንግግር ሺህ ጊዜ ቢደገም ሺህ ጊዜ ይተረጉመዋል። ጽሑፍ ተርጓሚ ግን አንዴ ተርጉሞ ወረቀቱን ያስቀምጣል። ፈጣን ኢሙሌተሮች የሚያደርጉት ይህንን ነው። የእንግዳውን ትእዛዝ አንድ በአንድ ከመፈጸም ይልቅ፣ እስከ ቀጣዩ ዝላይ ድረስ ያለውን ቁራጭ ሙሉውን ወደ አስተናጋጁ ቋንቋ ይመልሱና ያስቀምጡታል። እንግዳው ወደዚያ ቦታ በተመለሰ ቁጥር የተዘጋጀው ትርጉም ይነሳል። ፕሮግራም ደግሞ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ጥቂት ቦታዎች ላይ እየዞረ ስለሆነ ትርፉ ከፍተኛ ነው። ፋብሪስ ቤላር የተባለው ፈረንሳዊ በ2003 ያወጣው ኬሙ የተባለ ኢሙሌተር በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ዛሬም ከአንዱ ፕሮሰሰር ወደ ሌላው ለሚሻገር ሰው የመጀመሪያው መሣሪያ እሱ ነው። ይኸው ቤላር በ2011 አንድ ሙሉ ፒሲ የሚያስመስል ፕሮግራም ጃቫስክሪፕት በተባለው የብራውዘር ቋንቋ ጽፎ፣ ሊኑክስ በብራውዘር መስኮት ውስጥ እንዲነሳ አድርጓል።

የተቀመጠ ትርጉም የራሱ ጣጣ አለው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሚሞሪ ውስጥ ያለን ፕሮግራም አንስቶ በቦታው ሌላ መጫን የዘወትር ሥራው ነው። ኢሙሌተሩ ይህን ካላየ፣ የተሰረዘውን ጽሑፍ የቀድሞ ትርጉም ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ የተረጎማቸውን የሚሞሪ ገጾች «ማንም እንዳይጽፍባቸው» ብሎ ያጥራል፤ እንግዳው ሊጽፍ ሲሞክር አጥሩ ይጮኻል፣ አሮጌው ትርጉም ይጣላል። ሌላው ጣጣ አድራሻ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያየው የሚሞሪ አድራሻ እውነተኛ አይደለም፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያዘጋጀለት ካርታ ነው። ፕሮሰሰሩ በየንባቡ ያንን ካርታ አይቶ ወደ እውነተኛው ቦታ ይሄዳል። እንግዳው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግን «እውነተኛ» የሚለው ቦታ ራሱ ምናባዊ ነው። ኢሙሌተሩ እንግዳው የሳለውን ካርታ አንብቦ፣ ከዚያ በራሱ ካርታ ደግሞ ወደ አስተናጋጁ ሚሞሪ መውሰድ አለበት። ለእያንዳንዷ ንባብና ጽሕፈት። ሙሉ ስርዓት የሚያስመስል ኢሙሌተር አንድ ፕሮግራም ብቻ ከሚተረጉመው የሚዘገይበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው።

ከቃላት ትርጉም ባሻገር የሰዋስው ልዩነትም አለ። ከአንድ ባይት የሚበልጥን ቁጥር የትኛውን ጫፍ ቀድሞ መጻፍ እንዳለበት ፕሮሰሰሮች አልተስማሙም። 5ን በአራት ባይት ሲያስቀምጥ ኢንቴል 5፣ 0፣ 0፣ 0 ይላል፤ 68000 ደግሞ 0፣ 0፣ 0፣ 5። የሁለተኛውን ኢንቴል ቢያነበው 83,886,080 ይሆንበታል። ዩኒክስ የተባለው ስርዓት መጀመሪያ ወደ ሌላ ማሽን ሲሻገር ስሙን ሊያትም ብሎ ፊደላቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተገላብጠው «ኑክሲ» ብሎ አተመ የሚል በሙያው ውስጥ የሚነገር ቀልድ አለ፤ ችግሩ እስከ ዛሬ በዚያ ስም ይጠራል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ቨርቹዋል ፒሲ ላይ ታይቷል። ኮኔክቲክስ የተባለው ኩባንያ በ1997 ያወጣው ይህ ኢሙሌተር ዊንዶውስን ፓወርፒሲ ፕሮሰሰር ባላቸው ማኮች ላይ ያስኬድ ነበር። ፓወርፒሲ ቁጥር የሚጽፈው በ68000 ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን እንደ ኢንቴል የሚያነብበት አንድ ተጨማሪ አሠራር ነበረው፣ ኢሙሌተሩም በእሱ ይጠቀም ነበር። በ2003 ጂ5 የተባለው ፈጣን ፓወርፒሲ ወጣ፤ ያ አሠራር ግን ቀርቶበታል። በጊዜው በማክ ውስጥ ፈጣን የሆነው ፕሮሰሰር ቨርቹዋል ፒሲን ጭራሹን ማስኬድ አቃተው፤ ኢሙሌተሩን የገዛው ማይክሮሶፍት ለጂ5 የሚሆነውን ቁጥር 7 እስኪያወጣ እስከ 2004 መጠበቅ ግድ ሆነ።

ቋንቋው አንድ ሆኖ ማሽኑ ሲለያይ

አስቸጋሪው ግማሽ ማሽኑ ነው ብያለሁ። ለዚህ የማውቀው ጥሩ ማስረጃ የአታሪ ኤስቲ ታሪክ ነው። አታሪ ኤስቲ በ1985 ሲወጣ ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር ማኪንቶሽ ውስጥ ያለው ያው 68000 ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ፈጠን ብሎ የሚመታ። 112 እና 5 በሁለቱም ዘንድ ትርጉሙ አንድ ነው። ታዲያ የማክ ስርዓት አታሪ ላይ ዝም ብሎ ለምን አይነሳም?

አንደኛ፣ የማክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግማሹ ዲስክ ላይ አልነበረም። መስኮት የሚስለው፣ ሜኑ የሚያወርደው፣ ፊደል የሚጽፈው ክፍል በማሽኑ ቦርድ ላይ በተተከለ የማይጠፋ ሚሞሪ ውስጥ ነበር፤ በመጀመሪያው ማክ 64 ኪሎባይት። ያ ቺፕ የሌለበት ማሽን ላይ የማክን ዲስክ ማስገባት ጭንቅላቱ ሌላ ቦታ የቀረ ሰው እንደ መጋበዝ ነው። ሁለተኛ፣ የማክ ስክሪን 512 በ342 ነጥብ ሲሆን የአታሪው ባለ ጥቁርና ነጭ ስክሪን 640 በ400 ነው፤ የሚገኝበት የሚሞሪ ቦታም የተለየ ነው። ሦስተኛ፣ ፍሎፒ ዲስኩ። የማክ ዲስክ ማንበቢያ ጭንቅላቱ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የመሽከርከሪያ ፍጥነቱን ይለዋውጥ ነበር፤ የአታሪው ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት ነው የሚዞረው። ስለዚህ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊያነበው አይችልም።

ዴቪድ ስሞል የተባለ ሰው ለዚህ መላ አበጀ። በአታሪው ጎን የሚሰካ ካርትሪጅ ሠራ፤ ገዢው ከእውነተኛ ማክ የወጡ ቺፖችን ፈልጎ አግኝቶ እዚያ ውስጥ ይሰካል። ስፔክተር ጂሲአር የተባለው ኋላ የወጣው ሞዴል የማክን ዲስክ ለማንበብ የሚያስችል ተጨማሪ ሃርድዌርም ነበረው። ቺፖቹን አብሮ መሸጥ ያልቻለው የአፕል ንብረት ስለሆኑ ነው። ይህ የባለቤትነት ነገር ዛሬም አልተለወጠም፤ የድሮ ማክ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ፣ የቺፑን ቅጂ ግን ተጠቃሚው ራሱ ካለው ማሽን እንዲያወጣ ይጠይቃሉ።

የዛሬ ኢሙሌተር ያንኑ የስሞልን ሥራ የሚሠራው በሶፍትዌር ነው። እንግዳው «የዲስክ መቆጣጠሪያ» ብሎ በሚያውቀው አድራሻ ላይ ሲጽፍ ኢሙሌተሩ መሐል ገብቶ ይይዘዋል፤ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አይቶ ከአስተናጋጁ ፋይል ያነብና፣ እውነተኛው ዲስክ ይመልስ በነበረው መልክ ይመልሳል። የጊዜ ልኩም መጠበቅ አለበት። የዲስኩ መልስ ዘግይቶ እንዲመጣ የሚጠብቅ ድራይቨር (አንድን ዕቃ የሚያዘው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል) መልሱ ቶሎ ሲመጣለት የሚደናበርበት ጊዜ አለ። መልሱ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ ትክክል ስላልሆነ ብቻ የሚፈርስ ስርዓት ገጥሟችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው።

የሚያስገርመው ኢሙሌተሮች የሚያስመስሉት ዕቃ ምርጫ ነው። ኬሙ ፒሲ አስመስል ሲባል፣ ሌላ ካልተነገረው በቀር፣ ከቦርዱ ላይ የሚያስቀምጠው ኢንቴል በ1996 ያወጣውን 440 ኤፍኤክስ የተባለ ቺፕሴት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከሌላው ዕቃ ጋር የሚያገናኝ የቺፖች ስብስብ ነው። የቅርብ ጊዜ ማሽን ለምን የ1996 ልብስ ይለብሳል? ያንን ዕቃ የማያውቅ የፒሲ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የለም ማለት ስለሚቻል ነው። ማታለል ሲፈለግ ሁሉም በሚያውቀው ፊት መቅረብ ያዋጣል። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ሰዎች ማታለሉ ራሱ ጉልበት እንደሚበላ አዩና ቨርቲዮ የተባሉ ዕቃዎችን ፈጠሩ። ቨርቲዮ «እኔ እውነተኛ ዲስክ አይደለሁም፤ ኢሙሌተር ውስጥ ነህ፤ የምትፈልገውን በአጭሩ ንገረኝ» የሚል ዓይነት ነው። እንግዳው ለዚህ የሚሆን ድራይቨር ካለው ዲስኩም ኔትወርኩም በግልጽ ይፈጥናል። ድራይቨሩ የሌለው የድሮ ስርዓት ግን በ1996ቱ ልብስ መቆየቱ ነው።

ቨርቹዋል ማሽን ሌላ ነገር ነው

ኢሙሌተርና ቨርቹዋል ማሽን አንድ እየመሰላቸው ብዙዎች ይሳሳታሉ። ቨርቹዋል ማሽን ቋንቋ አይተረጉምም። እንግዳውና አስተናጋጁ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ሲሆኑ የእንግዳውን ትእዛዝ ማስመሰል አያስፈልግም፤ በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ ይለቀቃል። ጠባቂው ሶፍትዌር ጣልቃ የሚገባው እንግዳው የባለቤት ሥልጣን የሚጠይቅ ነገር ሲነካ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ከእውነተኛው ማሽን ብዙ የማይርቀው ለዚህ ነው።

ይህ እንዲሆን ግን ፕሮሰሰሩ ታማኝ መሆን አለበት። ፖፔክና ጎልድበርግ በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ቅድመ ሁኔታውን በአጭሩ አስቀመጡት፦ የማሽኑን ሁኔታ የሚለውጥ ወይም የሚያጋልጥ ትእዛዝ ሁሉ ሥልጣን የሌለው ሲሞክረው መጮኽ አለበት። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይህን አያሟሉም ነበር። በፔንቲየም ላይ 17 ትእዛዞች ይህን ሕግ ይጥሱ ነበር። ለምሳሌ «ከአሁን በኋላ ማንም አያቋርጠኝ» የሚለውን ምልክት ለመለወጥ የሚውል አንድ ትእዛዝ፣ ሥልጣን የሌለው ሲያዘው አይጮኽም፤ ምልክቱን ሳይነካ ዝም ብሎ ያልፋል። እንግዳው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አዘዝኩ ብሎ ያምናል፣ ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም፣ ጠባቂውም አልሰማም። ቪኤምዌር በ1999 የመጀመሪያውን ምርቱን ሲያወጣ ይህን ያለፈው በትርጉም ነበር፤ የእንግዳውን ከርነል (ሃርድዌሩን የሚነካውን የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) እየቃኘ ከኢንቴል ወደ ኢንቴል እንደገና ይጽፈው ነበር፣ አደገኛዎቹን እየተካ። ኢንቴል በ2005፣ ተፎካካሪው ኤኤምዲ በ2006 ፕሮሰሰሮቻቸው ላይ ለዚሁ የሚሆን አሠራር ሲጨምሩ ነው ጣጣው የቀለለው።

አፕል ሦስት ጊዜ ፕሮሰሰር ቀይሯል፤ ሦስቱም ልዩነቱን በደንብ ያሳያሉ። በ1994 ከ68000 ቤተሰብ ወደ ፓወርፒሲ ሲሻገር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ራሱን ለመጻፍ ጊዜ አልበቃውም፤ ትልቁ ክፍል በድሮው ቋንቋ እንደተጻፈ በኢሙሌተር ላይ ይሄድ ነበር። ሰው አዲስ ማሽን ገዝቶ የሚያየው መስኮት ብዙው በትርጉም የሚመጣ ነበር። በ2006 ወደ ኢንቴል ሲሻገር ስርዓቱ አስቀድሞ ለኢንቴል ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሮዜታ የተባለው ተርጓሚ የሚያስፈልገው ለድሮ ፕሮግራሞች ብቻ ነበር። ደስ ያለው ጎን ፕሮሰሰሩ ከፒሲ ጋር አንድ ስለሆነ ዊንዶውስ በቀጥታ ማክ ላይ መጫን መቻሉ ነው። ወዲያውም ተቃራኒውን የሚሞክሩ፣ የማክን ስርዓት ተራ ፒሲ ላይ የሚጭኑ ሰዎች ተነሱ። ቋንቋው አንድ ቢሆንም ድራይቨር፣ የማስነሻ አሠራርና የአፕል ፈቃድ ነበሩ እንቅፋቱ። እንዲህ የተዘጋጁ ፒሲዎችን በ2008 መሸጥ የጀመረው ሳይስታር የተባለ ኩባንያ በ2009 በፍርድ ቤት ተረቷል። የቴክኒኩ መንገድ መከፈቱና የሕጉ መንገድ መከፈቱ ሁለት ነገር ነው።

ሦስተኛው በ2020 ወደ አርም የተደረገው ነው። ሮዜታ 2 የኢንቴል ማክ ፕሮግራሞችን ወደ አርም ይመልሳል፤ ብዙውን ጊዜ ፕሮግራሙ ሲጫን ወይም መጀመሪያ ሲከፈት። ፍጥነቱ ብዙ ሰው ያልጠበቀው ነበር፤ አንዱ ምክንያት ደግሞ በቺፑ ውስጥ ያለ አንድ ማብሪያ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር ውስጥ ኮር የሚባሉ፣ ጎን ለጎን የሚሠሩ ብዙ ፕሮሰሰሮች አሉ፤ አንዱ ኮር መልእክት ይጽፍና ቀጥሎ «ዝግጁ ነው» የሚል ምልክት ያኖራል። ኢንቴል ላይ ሌላው ኮር ምልክቱን ካየ መልእክቱንም ማየቱ የተረጋገጠ ነው። አርም ይህን ቃል አይገባም፤ ምልክቱ ቀድሞ ሊታይ ይችላል። ተርጓሚው ይህን ለመከላከል በየቦታው ማገጃ ትእዛዝ መጨመር አለበት፣ ያ ደግሞ ያንቀራፍፋል። የአፕል ቺፖች ግን የተተረጎመ ፕሮግራም ሲሄድ የኢንቴልን ቅደም ተከተል እንዲጠብቁ የሚያደርግ አሠራር ተሠርቶላቸዋል። አስተናጋጁ ለእንግዳው ብሎ አንዱን ጠባዩን ቀየረ ማለት ነው።

ታዲያ ሮዜታ 2 ካለ ለኢንቴል የተሠራውን ዊንዶውስ በአዲሱ ማክ ላይ ለምን አያስኬድም? ሥራው ፕሮግራም መተርጎም ብቻ ስለሆነ ነው። ከርነል ውስጥ የሚገባ ኮድም፣ የኢንቴል ቨርቹዋል ማሽንም አይተረጉምም። የፊተኛው ክፍፍል፣ ፕሮግራሙ የሚለምን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚነካ መሆኑ፣ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል። በእነዚህ ማኮች ላይ ዊንዶውስ የሚፈልግ ሰው ያለው ጥሩ መንገድ ለአርም የተዘጋጀውን ዊንዶውስ በቨርቹዋል ማሽን መጫን ነው። ፕሮሰሰሩ አንድ ስለሆነ ይፈጥናል፤ ያ ዊንዶውስ ደግሞ በውስጡ የራሱ ተርጓሚ ስላለው የኢንቴል ፕሮግራሞችን ይከፍታል። የግድ የኢንቴል ስርዓት ይሁን ያለ፣ ለምሳሌ አንድ የድሮ ዊንዶውስ ያስፈለገው ሰው፣ ወደ ኬሙ ይሄዳል፤ ቀስ ብሎም ይሠራል። የድሮው ስርዓት ለዘገምተኛ ማሽን የተጻፈ ስለሆነ ዝግመቱ ብዙም አይሰማም፤ አዲሱን ኢንቴል ዊንዶውስ በዚህ መንገድ መሞከር ግን ትዕግሥትን መፈተን ነው።

ማስመሰልን ከነጭራሹ የሚያስቀሩ ሁለት መንገዶችም አሉ፤ በአጭሩ ልጥቀሳቸው። አንደኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ለአዲሱ ማሽን እንደገና ማዘጋጀት ነው፤ ምንጩ፣ ማለትም ሰው የጻፈው የፕሮግራም ጽሑፍ ለተገኘ ሁሉ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ዩኒክስ በ1973 ሲ በተባለው ቋንቋ እንደገና ስለተጻፈ ነው ከማሽን ማሽን መሻገር የቻለው፤ ሊኑክስም በ1991 ለኢንቴል 386 ብቻ ተጀምሮ ዛሬ ከስልክ እስከ ትልልቅ ሰርቨር ያለው በዚሁ መንገድ ነው። ሁለተኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ትቶ፣ ፕሮግራሙ ሲለምን መልስ የሚሰጥ ተተኪ አለቃ መጻፍ ነው። በ1993 የተጀመረው ዋይን ሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የሚከፍተው እንዲህ ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ እዚያ የለም። ከመሞከራችሁ በፊት «የምፈልገው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ነው ወይስ አንድ ፕሮግራሙን ብቻ?» ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛው ድካም ይቀንሳል። መልሱ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ይህ ሁሉ ግን የቅርብ ጊዜ ፈጠራ አይደለም። አይቢኤም በ1964 ሲስተም 360ን ሲያስተዋውቅ ደንበኞቹ በ1959 በወጣው 1401 ማሽን ላይ የጻፏቸውን ፕሮግራሞች መጣል እንደማይፈልጉ ያውቅ ነበር። አዲሱ ማሽን ደግሞ ከድሮው ጋር በምንም አይገጥምም። መሐንዲሶቹ ከፕሮሰሰሩ ውስጥ፣ ትእዛዞች ራሳቸው በሚፈጸሙበት በታችኛው ደረጃ፣ የ1401ን ቋንቋ የሚያውቅ ክፍል አስገቡ፤ «ኢሙሌተር» የሚለው ቃልም በዚህ ትርጉሙ የመጣው ከዚያ ሥራ ነው። ሞዴል 30 የተባለው አነስተኛው ማሽን የ1401ን ፕሮግራም ከራሱ ከ1401 በፍጥነት ይሠራው ነበር፤ ብዙ ደንበኞችም አዲሱን ማሽን ገዝተው ለዓመታት የሠሩበት በድሮው ፕሮግራም ነው።